«ፎርጅድ ነው» የተባለው ፕሮሰሰር፦ አንድ የቱሉ ዲምቱ ኮምፒውተር ለምን ፍጥነቱን ይጥል ነበር?

ኮምፒውተር ስትረስ ቴስት (ፕሮሰሰሩን በሙሉ አቅሙ አሠርቶ የሚፈትን ሙከራ) ላይ ፍጥነቱ ሲወርድ ብዙ ሰው ወዲያው «ሙቀት ነው» ይላል። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሀል የሚቀባው ፔስት ይቀየራል። ፋን ይገዛል። ብሩ ይወጣል፤ ፍጥነቱ ግን ያው ነው። ይህ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ምንም ያልሆነ ዕቃ «ተበላሽቷል» ተብሎ ሲጣል፣ ባለቤቱም ሳያስፈልግ ሲከስር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ስለዚህ አንድ ጉዳይ ከነሙሉ ሂደቱ ልጻፍላችሁ።

ማሽኑ ያለው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ ኮንዶሚኒየም የላይኛው ፎቅ ላይ። ባለቤቷ አርክቴክት ናት። ቤቷ ውስጥ ሆና ለደንበኞች የቤትና የሕንፃ ምስል ትሠራለች። ስሟን አልጠቅስም፤ ታሪኩን እንድጽፈው ግን ፈቅዳልኛለች።

ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር አይ7-10700 ነው። 8 ኮር (ስሌቱን የሚሠሩ ክፍሎች)፣ 16 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚይዛቸው የሥራ መስመሮች) አለው። በ2020 የወጣ ነው፤ ዛሬ አዲስ ባይባልም ለሥራ ገና ጉልበት አለው። ማዘርቦርዱ ኤች410 ቺፕሴት ያለው ርካሽ ቦርድ ነው። ሙሉ ማሽኑን ያገለገለ ነው የገዛችው፣ መሀል ከተማ ካለ አንድ ሱቅ። ሥራዋ 3ዲኤስ ማክስ በሚባለው የንድፍ ፕሮግራም ሲሆን ምስሉን የምታወጣው ኮሮና በሚባለው ሬንደረር ነው። ይህ ሬንደረር የሚሠራው በፕሮሰሰር ብቻ ነው፤ ግራፊክስ ካርዱ አያግዘውም። አንድ ምስል ሲወጣ ሁሉም ኮር ለሰዓታት ያለ ዕረፍት ይሠራል ማለት ነው።

ስትደውልልኝ ያለችኝ ይህን ነበር፦ «ወንድሜ፣ ሲጀምር ይፈጥናል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ይደክማል። ጓደኛዬ ጋ ያለው ተመሳሳይ ፕሮሰሰር እንዲህ አይደለም። ተሸውጃለሁ መሰለኝ።»

እኔ ከመድረሴ በፊት ማሽኑ ሁለት ባለሙያ አይቶታል። የመጀመሪያው ፕራይም95 የሚባለውን ፕሮግራም ከፍቶ ፕሮሰሰሩን አስጨነቀው፤ 100 ዲግሪ አየና ፔስቱን ቀየረ። ለውጥ አልመጣም። ሁለተኛው ከሳጥኑ ጋር የሚመጣውን ትንሹን ማቀዝቀዣ አውጥቶ ትልቅ የታወር ማቀዝቀዣ ገጠመላት። ርካሽ አይደለም። አሁንም ለውጥ የለም። በድጋሚ ፕራይም95 ሲያስሮጥ ፍጥነቱ 2.7 ጊጋኸርዝ አካባቢ ሆነ። የፕሮሰሰሩ መነሻ ፍጥነት 2.9፣ ከፍተኛው 4.8 ተብሎ ነው የተጻፈው። «ከመነሻው በታች እንዴት ይወርዳል? ፎርጅድ ነው» አላት። እሷም ሱቁ ጋ ደውላ ተጣልታለች።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ አስተያየት ነበር። አባቷ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት አቃቂ ፋብሪካ ውስጥ ሞተርና ፓኔል ሲጠግኑ ነው። የእሳቸው ጥርጣሬ ሌላ ነው። «ልጄ፣ የዚህ ሰፈር መብራት አቅም የለውም። ማታ ማታ አምፖሉ ራሱ ይደበዝዛል። ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ?»

ስለዚህ ሦስት ተጠርጣሪ ነበረን፦ ፎርጅድ ፕሮሰሰር፣ ሙቀትና መብራት።

የመጀመሪያውን ለማጣራት ጊዜ አልፈጀም። ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ከፈትኩ። አይ7-10700፣ 8 ኮር፣ 16 ትሬድ፣ 16 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ። የፕሮሰሰር ብረት ክዳን ላይ ያለውን ጽሑፍ ፍቆ ሌላ ስም የሚጽፍ አጭበርባሪ አለ፤ እውነት ነው። ግን ክዳኑን መፋቅ ቺፑ ለኮምፒውተሩ ስለ ራሱ የሚናገረውን አይለውጠውም። አይ3ን ክዳኑን ፍቀህ አይ7 ብትለው 16 ትሬድ አያበቅልም። ይህኛው ትክክለኛ ነው። ሱቁም አላታለላትም።

የመብራቱን ጉዳይ ግን በቃል ብቻ ልዘልለው አልፈለግኩም፤ ጋሼ በልምዳቸው የሚናገሩ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ እንለካዋ» አልኳቸው። መልቲሜትራቸውን ይዘው መጡ። ከሰዓት ላይ ሶኬቱ 218 ቮልት አካባቢ ነበር። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ ወደ 190 ወረደ። በሁለቱም ሰዓት ያንኑ ቴስት አስሮጥን። የፕሮሰሰሩ ፍጥነት አንድ ነው፤ ቅንጣት ልዩነት የለም።

ምክንያቱ ፓወር ሳፕላዩ ነው። ከግድግዳው የሚመጣውን ወስዶ ለማዘርቦርዱ የሚሰጠው የተስተካከለ 12 ቮልት ነው። የግድግዳው ቮልቴጅ ሲወርድ ፓወር ሳፕላዩ ከረንት ጨምሮ ይስባል እንጂ ለፕሮሰሰሩ የደከመ ኃይል አይልክም። ቮልቴጁ እሱ ከሚችለው በታች ከወረደ ደግሞ ማሽኑ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ዴስክቶፕ ላይ «መብራቱ ደካማ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይሠራል» የሚባል ነገር የለም። ላፕቶፕ ላይ ግን ተጠንቀቁ። አቅሙ ያነሰ ወይም ላፕቶፑ የማያውቀው ቻርጀር ከተሰካ፣ ፍጥነቱን ሆን ብሎ የሚቀንስ ላፕቶፕ ሞልቷል።

የቀረው ሙቀት ነው። ዋናው ጉዳይ የተገኘው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

ስክሪኑ ላይ ምን ነበር?

ኤችደብሊውኢንፎን ከፈትኩ። በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው፤ ኮምፒውተር ለሚፈትሽ ሰው ከዊንዶውስ ቀጥሎ መጫን ያለበት እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ለእያንዳንዱ ነገር አራት ዓምድ አለው፦ አሁን ያለው፣ ዝቅተኛው፣ ከፍተኛውና አማካዩ። ከዚያ ሲንቤንች አር23ን አስነሳሁ። ይህ ቴስት በራሱ ነባሪ አሠራር ለ10 ደቂቃ እየደጋገመ ስለሚሮጥ ለእንዲህ ያለ ምርመራ ይመቻል።

እንደተነሳ ሁሉም ኮር 4.6 ጊጋኸርዝ ገባ። ፕሮሰሰሩ የሚበላው ኃይል 150 ዋት አካባቢ፣ ሙቀቱ ደግሞ 80 ዲግሪ ገደማ። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ዋቱ ቁልቁል ወረደና 65 ላይ ቀጥ አለ። ፍጥነቱ 3.3 ጊጋኸርዝ ሆነ። ሙቀቱስ? 55 ዲግሪ።

አርክቴክቷን ጠራኋትና ቁጥሩን በጣቴ አሳየኋት። «እይው። ሙቀቱ ወርዷል። ፍጥነቱ ግን አልተመለሰም። ችግሩ ሙቀት ቢሆን ኖሮ ሲበርድ ይመለስ ነበር።»

ሙቀት ያስቸገረው ፕሮሰሰር እንዲህ አይሆንም። ለዚህ ፕሮሰሰር የሙቀት ጣሪያው 100 ዲግሪ ነው። ሙቀት ሲይዘው ቁጥሩ እዚያ ጣሪያ ላይ ይጣበቃል፤ 99፣ 100፣ 99 እያለ። ፍጥነቱም ከሙቀቱ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። 55 ዲግሪ ላይ ያለ ፕሮሰሰር ግን ከጣሪያው 45 ዲግሪ ይርቃል። የያዘው ነገር ሌላ ነው።

ያ ሌላ ነገር እዚያው ፕሮግራም ላይ በግልጽ ተጽፏል። ወደ ታች ስትወርዱ የፍጥነት ገደብ ምክንያቶችን የሚዘረዝር ክፍል አለ። ከእያንዳንዱ ፊት «አዎ» ወይም «አይደለም» ይላል። የሙቀት መስመሩ «አይደለም» ይል ነበር። ፒኤል1 የሚለው መስመር ግን «አዎ»። ከሁለቱ ባለሙያዎች አንዳቸውም እዚያ ድረስ አልወረዱም።

ሁለቱ የዋት ጣሪያዎች

ኢንቴል ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ሁለት የኃይል ገደብ ያስቀምጣል። ፒኤል1 ለረጅም ጊዜ እንዲበላ የተፈቀደለት ዋት ነው፤ ለአይ7-10700 65 ነው። ፒኤል2 ለአጭር ጊዜ የተፈቀደው ሲሆን ለዚህኛው እስከ 224 ዋት ይደርሳል። በሁለቱ መሀል ታው የሚባል የጊዜ መለኪያ አለ፤ እሱም 28 ሰከንድ ነው።

ሰው ብዙ ጊዜ ታውን እንደ ቆጣሪ ያየዋል፤ 28 ሰከንድ ሲሞላ በሩ የሚዘጋ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ፕሮሰሰሩ በቅርብ ጊዜ የበላውን ዋት አማካይ እያሰላ ይሄዳል። ያ አማካይ 65 እስኪደርስ ድረስ እንደልቡ እንዲሮጥ ይፈቀድለታል። ሲደርስ ይያዛል። ስለዚህ ብዙ ከበላ ቶሎ ይያዛል፤ 150 ዋት እየበላ ከሆነ 28 ሰከንዱንም አይሞላም። ሥራ ፈትቶ ከቆየ ደግሞ አማካዩ ዝቅ ስላለ እንደገና የመሮጥ ዕድል ያገኛል።

ይህን በዓይኗ እንድታየው ፈለግኩ። ሲንቤንቹን አቁመን ቡና እስኪፈላ ማሽኑን ተውነው። እንደገና ስናስነሳው 4.6 በረረ። ከዚያ አስቁሜ ወዲያውኑ፣ ሳያርፍ፣ ደግሜ አስነሳሁት። በዚህኛው ዙር አልበረረም፤ ገና ከጅምሩ 3.3 ላይ ሄደ። «ለካ ጠዋት የምሠራው የመጀመሪያ ምስል ፈጣን የሚመስለኝ ለዚህ ነው» አለች። አዎ፣ ለዚህ ነው። ትንሽ የሙከራ ሬንደር ፈጣን ሆኖ ትልቁ የሚጎተተውም ለዚሁ ነው።

ጋሼ ከጎን ሆነው ሲያዳምጡ ቆይተው ነበር። «እንደ ሞተር ነዋ» አሉ። «ሲነሳ ከስም ሰሌዳው በላይ ይስባል። ሲረጋጋ ሰሌዳው ላይ ወዳለው ይመለሳል። ሁልጊዜ እንደመነሻው ቢስብማ ይቃጠላል።» ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁለትም። 65 ዋት የስም ሰሌዳው ነው።

ስልኳ ላይ የመጀመሪያው ባለሙያ በመጣ ቀን ያነሳችው ፎቶ ነበር። አጉልተን አየነው። ከፍተኛው የሚለው ዓምድ ላይ 100 ዲግሪ በቀይ ተጽፏል። ባለሙያው ያየው እሱን ነው። «አሁን» የሚለው ዓምድ ግን 68 ይላል፤ ዋቱም 65። ነገሩ ሁሉ ያቺ ፎቶ ውስጥ ነበር። ትንሹ ማቀዝቀዣ በነበረ ጊዜ ቴስቱ ሲጀምር ፕሮሰሰሩ 150 ዋት ይበላና በጥቂት ሰከንድ 100 ዲግሪ ይነካ ነበር። ያ እውነተኛ የሙቀት ትሮትሊንግ (በሙቀት ምክንያት ፍጥነትን መቀነስ) ነው። ትንሽ ቆይቶ ግን የኃይል ገደቡ ይመጣና ወደ 65 ዋት ያወርደዋል፤ ሙቀቱም ይበርዳል። አንዱ ችግር ለሰከንዶች፣ ሌላው ለሰዓታት። ፔስቱም ታወሩም የፈቱት የሰከንዶቹን ነው። እሷ የምትሠራው በሰዓታቱ ነው።

2.7 ከየት መጣ?

«ፎርጅድ» ያስባለው ቁጥር ይህ ስለነበር ሳይመለስ መቅረት አልነበረበትም።

ሁለት ፕሮግራም ሁለቱም ፕሮሰሰሩን «መቶ በመቶ» ቢያሠሩትም እኩል አያደክሙትም። ፕራይም95 በመሠረቱ ትልልቅ ፕራይም ቁጥር ለመፈለግ የተሠራ ነው። ኤቪኤክስ የሚባሉትን ከባድ የሂሳብ ትዕዛዞች ይጠቀማል። እነዚህ ትዕዛዞች በእያንዳንዱ ዑደት ብዙ ስሌት ስለሚሠሩ ብዙ ኃይል ይበላሉ። ጣሪያው ግን ያው 65 ዋት ነው። ለአንድ ዑደት የሚወጣው ኃይል ከጨመረ፣ በዚያው 65 ዋት የሚገኘው የዑደት ቁጥር ይቀንሳል። ስለዚህ ሲንቤንች ላይ 3.3 የሆነው ማሽን ፕራይም95 ላይ 2.7 ይሆናል።

ፕራይም95 ውስጥ ኤቪኤክስን ማጥፊያ ምርጫ አለ። አጠፋነውና ደግመን አስሮጥን። ዋቱ ያው 65 ሆኖ ፍጥነቱ ከ3 ጊጋኸርዝ በላይ ወጣ። ፎርጅድ ፕሮሰሰር ምርጫ ስለተቀየረለት አይድንም።

ካርቶኑ ላይ ያለው 4.8ም ቢሆን «እስከ» የሚል ቃል አለው። አንድ ኮር ብቻ ሲሠራ የሚደረስበት ጫፍ ነው። ሁሉም ኮር አንድ ላይ ሲሠራ ጣሪያው 4.6 ነው፤ እሱም ዋቱ እስከፈቀደ ድረስ።

ታዲያ የጓደኛዋ ማሽን ለምን አይወርድም? ብዙ የማዘርቦርድ አምራቾች፣ በተለይ ውድ ቦርዶቻቸው ላይ፣ የኢንቴልን 65 ዋት ትተው ፒኤል1ን በጣም ከፍ አድርገው ይልኩታል። ኤችደብሊውኢንፎ ላይ 4095 ዋት የሚል ቁጥር ካያችሁ ገደብ የለም ማለት ነው። ፎቶ እንዲልክላት ጠየቀችው። 4095 ይላል። ፕሮሰሰሩ አንድ ዓይነት ነው፤ የተሰጠው ፈቃድ ግን የተለያየ ነው። በነገራችን ላይ የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው ኤኤምዲም የራሱ ጣሪያ አለው። 65 ዋት የሚባለው፣ ኤኤም4 በሚባለው ሶኬት ላይ የሚገጠመው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር በተግባር እስከ 88 ዋት ድረስ ይፈቀድለታል። ካርቶን ላይ ያለው ዋት የሁሉም ነገር ጫፍ ነው ብላችሁ አትውሰዱት።

ገደቡን ማንሳት ይቻላል? ይቻላል፤ ግን

አይ7-10700 ኦቨርክሎክ የማይደረግ (ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ የማይገፋ) ፕሮሰሰር ነው። የኃይል ገደቡ ግን ከዚያ ጋር አይያያዝም። የእሷ ቦርድ ባዮስ (የማዘርቦርዱ የራሱ ማስተካከያ ፕሮግራም) ውስጥ የረጅም ጊዜና የአጭር ጊዜ ገደብ የሚሉ ሁለት መስመሮች ነበሩ፤ ሁለቱንም መቀየር ይቻላል።

ደረጃ በደረጃ ሄድን። በእያንዳንዱ ደረጃ ሙሉውን የ10 ደቂቃ ሲንቤንች አስሮጥን፤ የመጀመሪያውን ግማሽ ደቂቃ ሳይሆን መጨረሻውን አየን። በ65 ዋት 3.3 ነበር። በ80 ዋት 3.6 ሆነ። በ95 ዋት 3.8። በ125 ዋት 4.2።

ቁጥሮቹን ልብ በሉ። ከ65 ወደ 125 ስንሄድ ዋቱ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ፍጥነቱ ግን የጨመረው ሩብ ያህል ብቻ ነው። ፍጥነት ለመጨመር ቮልቴጅም አብሮ መጨመር አለበት፤ የኃይል ፍጆታው ደግሞ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ያድጋል። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር እያንዳንዷ ጭማሪ ትወደዳለች።

125 ላይ ከገባን በኋላ ግን ወዲያው አልጨበጨብኩም። ሆን ብዬ ቴስቱ እንዲቀጥል ተውኩት፤ የፈራሁት ቦርዱን ነበር። አልቀረም። ብዙ ደቂቃ በሰላም ከሄደ በኋላ ሁሉም ኮር በአንድ ጊዜ 800 ሜጋኸርዝ ላይ ተወረወረ። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። እንደገና ወረደ። የፕሮሰሰሩ ሙቀት በዚያ ሰዓት 70 ነበር፤ ፒኤል1ም «አይደለም» ይላል። አሁን «አዎ» ያለው ሌላ መስመር ነው፦ ፕሮክ-ሆት፣ ከውጭ የመጣ።

ይህ ምልክት የሚመጣው ከፕሮሰሰሩ ሳይሆን ከማዘርቦርዱ ነው። ከፕሮሰሰሩ ጎን ያሉት ትንንሽ ጥቁር ቺፖች፣ ቪአርኤም የሚባሉት፣ 12 ቮልቱን ፕሮሰሰሩ ወደሚፈልገው ወደ 1 ቮልት አካባቢ የሚያወርዱት ናቸው። ሲግሉ ቦርዱ «ተው!» ይለዋል፤ ፕሮሰሰሩም እስከ ታች ይወርዳል። በዚህ ርካሽ ቦርድ ላይ ምንም ሂትሲንክ (ሙቀት የሚያወጣ ብረት) የላቸውም። በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ስለካቸው ከ100 ዲግሪ በላይ አነበበ።

እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ የማያስተውለው ነገር አለ። ከሳጥኑ ጋር የሚመጣው ትንሹ ማቀዝቀዣ አየሩን ወደ ታች፣ ወደ ቦርዱ ነው የሚነፋው። ደካማ ቢሆንም እነዚያን ቺፖች በመንገዱ ያበርዳቸዋል። የታወር ማቀዝቀዣ ግን አየሩን ወደ ጎን፣ ወደ ኬዙ ጀርባ ይነፋል። ፕሮሰሰሩ በረደ፤ ቪአርኤሙ ግን የነበረችውን ትንሽ ንፋስ አጣ። በ65 ዋት ይህ አይታይም። ገደቡን ያነሳህ ቀን ይመጣል።

አካባቢውም ይጨመርበት። ቤቱ ቆርቆሮው ሥር ነው፤ በበጋ ከሰዓት ክፍሉ ይግላል። እንደ መላው አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነም አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ ወደ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ያንሳል። የውጭ አገር ሰው ባወጣው የሙቀት ሰንጠረዥ የራሳችሁን ማሽን ስትመዝኑ ይህን አስቡ። በእርግጥ የእኛ ቀዝቃዛ ጠዋትና ማታ ብዙውን ይክሳል። የቱሉ ዲምቱ አቧራ ግን የሚክሰው የለም፤ የኬዙ ፊት ለፊት ያለው ወንፊት ግማሹ ተደፍኖ ነበር። ጠራረግነው።

የመረጥነው

መጨረሻ ላይ ፒኤል1ን 95፣ ፒኤል2ን 120 አደረግን። ታውን አልነካነውም። ቪአርኤሙ ላይ ቀጥታ እንዲነፋ አንድ ትንሽ ፋን በፕላስቲክ ማሰሪያ አሰርኩ። ከዚያ ፍተሻውን በራሷ ሥራ አደረግነው። በጣም ሞቃት በሆነው የከሰዓት ሰዓት እውነተኛ ሬንደር ሰጠነውና እስኪጨርስ ጠበቅን። ፍጥነቱ 3.8 አካባቢ፣ ፕሮሰሰሩ ከ70 ዲግሪ በታች፣ ፕሮክ-ሆት አንድም ጊዜ አልመጣም።

በ65 ዋት 5 ሰዓት ያህል ይወስድ የነበረው ምስል አሁን በ4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ተአምር አይደለም። ፕሮሰሰሩ በጠቅላላው የሚበላው ኃይልም ይጨምራል፤ 65 ዋት በ5 ሰዓት 325 ዋት-ሰዓት ሲሆን፣ የአሁኑ ከ400 በላይ ነው። መብራት በማንኛውም ሰዓት ሊሄድ በሚችልበት ሰፈር ግን ሥራው ቶሎ ማለቁ ከዚያ ጭማሪ የበለጠ ዋጋ አለው።

«ፋኑን ካሰርክልኝ 110 ብናደርገውስ?» ብላኝ ነበር። ይችል ይሆናል። እኔ ግን አልመከርኳትም። ይህ ማሽን ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን የሚሠራ፣ ያገለገለ ቦርድ ያለው ማሽን ነው። በ2024 በ13ኛውና በ14ኛው ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ የተነሳውን ጣጣ ያስታወሰ ሰው ገደብን በግድየለሽነት አያነሳም። ያኔ ኢንቴል ዋናው ጥፋት ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ መሆኑን ተናግሯል። የቦርድ አምራቾችም ነባሪ የኃይል ገደቦቹን እንዲያከብሩ ጠይቋል። የእሷ ፕሮሰሰር ከዚያ ጉዳይ ውስጥ የለም። ነገር ግን ገደቡ ያለ ምክንያት የተቀመጠ እንዳልሆነ ማወቅ ጥሩ ነው።

ፒኤል2ን ከ224 ወደ 120 ያወረድኩት መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በባትሪ ለጥቂት ጊዜ ለሚያቆየው ዩፒኤስ ብዬ ነው። መብራት ሲጠፋ ፕሮሰሰሩ በዚያች ቅጽበት 150 ዋት እየበላ ከሆነ ባትሪው የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል፤ እሷ ደግሞ ፋይሏን ለማስቀመጥ እያንዳንዷ ደቂቃ ታስፈልጋታለች። ለሰዓታት በሚቆይ ሬንደር ላይ የመጀመሪያዋ ግማሽ ደቂቃ በ4.6 መሮጧ ምንም አይጠቅማትም።

ታወር ማቀዝቀዣው ላይ የወጣው ብር እንደማይቆጫት ነግሬያታለሁ። ለ65 ዋት አያስፈልግም ነበር፤ ለ95 ግን ሥራውን እየሠራ ነው። ሱቁ ጋ ራሷ ደውላ ፕሮሰሰሩ ትክክለኛ እንደሆነ ነገረቻቸው፤ ይቅርታም ጠየቀች። ቪአርኤሙ ሂትሲንክ ያለው ቦርድ ብትገዛ 125 ዋት ላይ ሌላ 10 በመቶ ያህል ታገኛለች። ዋጋውን አይታ ተወችው፤ ያንን ብር ለትልቅ ባትሪ ብታውለው ይሻላታል። እኔም የምስማማው በዚህ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። እነዚህ ቁጥሮች የተቀመጡት ባዮስ ውስጥ ነው። ያገለገለ ቦርድ ላይ ያለችው ክብ የሲአር2032 ባትሪ ከደከመች፣ መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ሲቆይ ሁሉም ይጠፋና ገደቡ ወደ 65 ይመለሳል። ባዮስ ሲታደስም እንዲሁ። ባትሪዋን አዲስ ቀየርን። ኬዙ ውስጥ ወረቀት ለጠፍኩ፦ ፒኤል1 95፣ ፒኤል2 120፣ ታው 28። አንድ ቀን ሬንደሩ እንደገና 5 ሰዓት መፍጀት ከጀመረ ፔስት ከመግዛቷ በፊት ባዮስ ገብታ ቁጥሮቹን ከወረቀቱ ጋር ታስተያያለች።